አልኪኖች በአሲድ አማካይነት ከውሃ ጋራ ስለ መዋሐዳቸው

መግቢያ

በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት ከምናገኛቸው ለውጦች መካከል፥ አልኪን የተባለው የውሑድ ወገን በአሲድ ረዳትነት ከውሃ ጋራ ተዋሕዶ አልኮል የሚሆንበት ለውጥ ከሁሉ የቀለለ ይመስላል። በመጽሐፍ ላይ የሚይዘው ቦታ ከአንድ መሥመር አይበልጥም፤ አልኪን፥ ውሃና ጥቂት አሲድ፥ ከዚያም አልኮል። ብዙዎቻችንም ይህን መሥመር በቃላችን አጥንተን ለፈተና እናቀርበዋለን።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ግን በዚሁ በቃል ጥናት ምክንያት የደረሰብን ስሕተት ነው። በአንድ የመልመጃ ጊዜ፥ ሦስት-ሜቲል-አንድ-ቡቲን የተባለው አልኪን በተበረዘ አሲድ ውስጥ ምን እንደሚሆን ተጠየቅን። አብረን የምናጠናው ተማሪዎች ሁላችንም ሕጉን እናውቅ ነበርና አንድ ዐይነት መልስ ጻፍን፤ ሁላችንም ተሳሳትን። ሕጉን የረሳ አልነበረም፤ ሕጉ ከምን እንደ መጣ የጠየቀ ግን አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፥ ውሃ ወደ አልኪን የሚገባበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ እየተከተልን፥ ሕጉ የሚሠራበትንና የሚያሳስትበትን ምክንያት ለመግለጥ እንሞክራለን። የዚያንም ጥያቄ ትክክለኛ መልስ በቦታው እንሰጣለን።

ስለ ስያሜዎች

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሞች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በካርቦኖቹ መካከል ነጠላ ትስስር ብቻ ያለው ውሑድ አልኬን፥ ድርብ ትስስር ያለው አልኪን፥ ሦስትዮሽ ትስስር ያለው አልካይን ይባላል። እነዚህ ሦስት ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ሲሆን፥ በእኛም አንደበት ስለሚመሳሰሉ አንባቢን ያደናግራሉ። ስለዚህ ለአልኪኖቹ በየግላቸው የቈየውን ስማቸውን እንጠቀማለን። ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ያለውን ኤቲሊን፥ ሦስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለውን ፕሮፒሊን፥ አራት ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን ኖሮት ቅርንጫፍ ያለውን ኢሶቡቲሊን እንላለን።

አሲዱ ውሃ ሲጨመርበት «የተበረዘ» እንለዋለን፤ ብርዝ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ቃል ያውቃልና። ውሃ ያልገባበትን ወይም እጅግ ጥቂት ውሃ ያለበትን ደግሞ «ያልተበረዘ» እንላለን። በአንድ አቶም ላይ የሚገኘውን የኤሌክትሪክ መጠን «ሙል» እንለዋለን፤ አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ሊሆን ይችላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ታሪክ ባጭሩ

ኤቲሊን ከክሎሪን ጋራ ሲዋሐድ ዘይት የሚመስል ፈሳሽ እንደሚሰጥ የሆላንድ ኬሚስቶች በ1795 አስታውቀው ነበር። ኦሌፊን የሚለው የአልኪኖች የቀድሞ መጠሪያ የመጣው ከዚሁ «ዘይት ሠሪ ጋዝ» ከሚለው ስያሜ ነው። በ1820ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ሚካኤል ፋራዴይ ይህ ጋዝ ባልተበረዘ ሰልፊዩሪክ አሲድ ውስጥ እንደሚዋጥ ተመለከተ። ሄንሪ ሄነልም ጋዙን የዋጠውን አሲድ መርምሮ፥ በ1828 ከዚያ አልኮል ሊገኝ እንደሚችል ገለጠ። በ1855 ደግሞ ፈረንሳዊው ማርሴለን ቤርተሎ ኤቲሊንን ከሰልፊዩሪክ አሲድ ጋራ ብዙ ሺህ ጊዜ እየናጠ ካዋሐደ በኋላ፥ ውሃ ጨምሮና አንጥሮ አልኮል አወጣ።

የዚህ ሥራ ዋጋ ከፍ ያለ ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ አልኮል የሚታወቀው የእርሾ ሥራ ሆኖ ነው፤ ይኸውም በአገራችን ጠጅና ጠላ በጋን ውስጥ እንደሚሆኑት ማለት ነው። አሁን ግን እርሾ በሌለበት፥ ከጋዝና ከውሃ ተሠራ። ከጋን የወጣውና ከጋዝ የተሠራው አልኮል ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ በጣዕምም በጠባይም አይለያይም። ዛሬ የሚለዩት በካርቦን 14 መጠን ነው። ከእህልና ከማር የመጣው አልኮል ካርቦኑን በቅርብ ጊዜ ከአየር ስለ ወሰደ ካርቦን 14 አለበት፤ ከነዳጅ ዘይት የመጣው ግን በምድር ውስጥ ሚሊዮን ዓመታት ስለ ቈየ ካርቦን 14 አልቆበታል።

ድርብ ትስስር ምን ዐይነት ነው

ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር ሲያያዙ፥ ሁለቱ ትስስሮች እኩል አይደሉም። አንደኛው በሁለቱ አቶሞች መካከል ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ጠንካራ ትስስር ነው። ሁለተኛው ግን ኤሌክትሮኖቹ ከሞለኪውሉ ገጽ በላይና በታች እንደ ደመና የተዘረጉበት ልል ትስስር ነው። ነጠላውን የካርቦን ትስስር ለመበጠስ በሞል 347 ኪሎ ጁል ገደማ ሲያስፈልግ፥ ድርቡን በሙሉ ለመበጠስ 611 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ልዩነቱ 264 ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ትስስር ከመጀመሪያው የደከመ መሆኑ ከቊጥሩ ይታያል።

እነዚህ ከላይና ከታች የተጋለጡ ኤሌክትሮኖች አሉታዊ ሙል ስላላቸው፥ አዎንታዊ የሆነ ነገር ሲቀርባቸው ይሳባሉ። ንጹሕ ውሃ ግን አዎንታዊ ነገር ሆኖ አይቀርባቸውም፤ የውሃ ኦክሲጅን ራሱ ትርፍ ኤሌክትሮን ያለው ነው። ኤሌክትሮን ያለው ኤሌክትሮን ያለውን አይፈልግም። ኤቲሊንን በንጹሕ ውሃ ውስጥ ብናሳልፍ አረፋ ሆኖ ይወጣል እንጂ አልኮል የማይሆነው ስለዚህ ነው። አሲድ የሚያስፈልግበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስቱ ደረጃዎች

አሲድ በውሃ ውስጥ ሲገባ ፕሮቶኑን ለውሃ ይሰጣል፤ ፕሮቶን የተቀበለው ውሃ ሃይድሮኒየም ይባላል፤ ሙሉም አዎንታዊ ነው። ለውጡ ከዚህ በኋላ በሦስት ደረጃ ይፈጸማል።

በመጀመሪያው ደረጃ የአልኪኑ ልል ኤሌክትሮኖች ከሃይድሮኒየም አንድ ፕሮቶን ይወስዳሉ። ፕሮቶኑ ከሁለቱ ካርቦኖች በአንደኛው ላይ ሲያርፍ፥ ኤሌክትሮኖቹ ወደዚያ ካርቦን ስለ ሄዱ ሌላው ካርቦን ይጐድልበታል። ይህ ኤሌክትሮን የጐደለበት፥ አዎንታዊ ሙል ያለው ነገር ካርቦካታዮን ይባላል። ዕድሜው እጅግ አጭር ነው፤ ግን የለውጡ ሁሉ ቍልፍ እርሱ ነው።

በሁለተኛው ደረጃ በአጠገቡ ካሉት ከብዙዎቹ የውሃ ሞለኪውሎች አንዱ በኦክሲጅኑ ኤሌክትሮኖች አማካይነት በካርቦካታዮኑ ላይ ይያያዛል። ቀድሞ አልኪኑን ሊነካ ያልቻለው ውሃ አሁን የሚያስፈልገውን አዎንታዊ ካርቦን አገኘ። በዚህ ጊዜ አዎንታዊው ሙል ከካርቦን ወደ ኦክሲጅን ይሻገራል።

በሦስተኛው ደረጃ ሌላ የውሃ ሞለኪውል መጥቶ ከዚህ ኦክሲጅን አንድ ፕሮቶን ይወስዳል። የቀረው አልኮል ነው፤ ፕሮቶኑን የወሰደውም ውሃ እንደገና ሃይድሮኒየም ሆነ። እንግዲህ አሲዱ በመጀመሪያ የሰጠውን በመጨረሻ መልሶ ተቀበለ፤ ሥራውን ያስፈጥናል እንጂ ራሱ አያልቅም። አፋጣኝ ወይም ካታሊስት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የካርቦካታዮኑ ሦስት ክንዶች በአንድ ገጽ ላይ በ120 ዲግሪ ተዘርግተው ስለሚገኙ፥ ውሃው ከላይም ከታችም እኩል ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ከአንድ-ቡቲን የሚገኘው ሁለት-ቡታኖል እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ የሆኑት ሁለት መልኮቹ በእኩል የተቀላቀሉበት ነው።

የማርኮቭኒኮቭ ሕግና ምክንያቱ

ኤቲሊን ሁለቱም ካርቦኖቹ አንድ ዐይነት ስለ ሆኑ ፕሮቶኑ በማናቸውም ቢያርፍ ልዩነት የለውም። በፕሮፒሊን ግን አንደኛው ጫፍ ሁለት ሃይድሮጅን፥ መካከለኛው ደግሞ አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ሜቲል አለው። ውሃው በየትኛው ላይ ያርፋል? በጫፉ ቢያርፍ አንድ-ፕሮፓኖል፥ በመካከሉ ቢያርፍ ሁለት-ፕሮፓኖል ይሆናል። በተግባር የሚገኘው ሁለት-ፕሮፓኖል ነው።

ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ በካዛን ዩኒቨርሲቲ የቡትሌሮቭ ተማሪ የነበረ ሩሲያዊ ነው። በ1869 ባቀረበው የዲግሪ ጽሑፉና በ1870 ባሳተመው ጥናት፥ የሃሎጅን አሲዶች ከአልኪን ጋራ ሲዋሐዱ ሃሎጅኑ ሃይድሮጅን ባነሰበት ካርቦን ላይ እንደሚያርፍ ገለጠ። ውሃም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። እኛ ተማሪዎች በቃላችን የምንይዘው «ሃይድሮጅን ለባለ ሃይድሮጅኑ» እያልን ነው።

ማርኮቭኒኮቭ ሕጉን ሲያወጣ ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም ነበር። እርሱ የተናገረው የሚታየውን ሥርዓት ነው፤ ምክንያቱ የተገኘው በኋላ ነው። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ፕሮቶኑ በጫፉ ካርቦን ላይ ሲያርፍ ሙሉ የሚቀረው በመካከለኛው ካርቦን ላይ ነው፤ ያም ካርቦን ከሁለት ሌሎች ካርቦኖች ጋራ የተያያዘ ነው። ፕሮቶኑ በመካከለኛው ላይ ቢያርፍ ግን ሙሉ በጫፉ ላይ ይቀራል፤ እርሱም ጐረቤቱ አንድ ካርቦን ብቻ ነው። በጐረቤት ያሉት የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስሮች ኤሌክትሮናቸውን በጥቂቱ ወደ ጐደለው ካርቦን ያካፍላሉ። ጐረቤት የበዛለት ሸክሙ ይቀልለታል። ስለዚህ ሦስት የካርቦን ጐረቤት ያለው ካርቦካታዮን ሁለት ካለው፥ ሁለት ያለውም አንድ ካለው ይልቅ የተረጋጋ ነው።

እንግዲህ ሕጉ በእውነት የሚናገረው ስለ ሃይድሮጅን ቊጥር አይደለም፤ ከሁለቱ መንገዶች ይበልጥ የተረጋጋው ካርቦካታዮን የሚወለድበት ይመረጣል ማለት ነው። የሃይድሮጅኑ ቊጥር የዚህ ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱን ይዞ ምክንያቱን የረሳ ሰው ኋላ እንደምናየው ይሳሳታል።

ፍጥነቱ በቊጥር ሲታይ

የካርቦካታዮኑ መረጋጋት ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚያሳየው የለውጡ ፍጥነት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ በአንድ ሊትር ውስጥ አንድ ሞል ሃይድሮኒየም ባለበት ውሃ ውስጥ ሦስቱን አልኪኖች ብናስገባ፥ ከእያንዳንዱ ግማሹ ወደ አልኮል እስኪለወጥ የሚፈጀውን ጊዜ ከታወቁት የፍጥነት መጠኖች አስልተን እንደሚከተለው አገኘን።

ኢሶቡቲሊን፥ ሦስት ጐረቤት ያለውን ካርቦካታዮን የሚሰጠው፥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ፕሮፒሊን፥ ሁለት ጐረቤት ያለውን የሚሰጠው፥ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ኤቲሊን፥ አንድ ጐረቤት ብቻ ያለውን የሚሰጠው፥ 14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ይህን ያህል ጊዜ የጠበቀ ሰው እንደሌለ ግልጥ ነው። የኤቲሊን ፍጥነት የተለካው እጅግ በጠነከረ አሲድ ውስጥ ሲሆን፥ በተበረዘው አሲድ ያለው መጠን ከዚያ ተነሥቶ የተሰላ ነው። ቢሆንም በኢሶቡቲሊንና በኤቲሊን መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ቢሊዮን እጥፍ በላይ መሆኑን ስናይ፥ በወረቀት ላይ ሁለት ሜቲል መጨመር ትንሽ ነገር መስሎ እንደሚታይ፥ በተፈጥሮ ዘንድ ግን የግማሽ ሰዓትና የዘመናት ልዩነት እንደሆነ እንረዳለን።

ከዚህ የተነሣ ለእያንዳንዱ አልኪን የሚያስፈልገው የአሲድ ጥንካሬ ይለያያል። ኢሶቡቲሊንን ለመዋጥ ከመቶ 60 እስከ 65 የሆነ ሰልፊዩሪክ አሲድ ይበቃል፤ ለኤቲሊን ግን ከመቶ 95 በላይ የሆነና የሞቀ አሲድ ያሻል። የነዳጅ ማጣሪያዎች ኢሶቡቲሊንን ከሌሎቹ ባለ አራት ካርቦን ጋዞች ለመለየት በዚሁ ልዩነት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ቀላሉ አሲድ ኢሶቡቲሊኑን ይውጣል፤ ሌሎቹን ያሳልፋቸዋል።

አዝጋሚው ደረጃ የትኛው እንደሆነ በምን ታወቀ

ከሦስቱ ደረጃዎች የሁሉን ፍጥነት የሚወስነው የመጀመሪያው፥ ማለት ፕሮቶን የሚሻገርበት ነው ብለን ተምረናል። ካርቦካታዮኑ በዐይን የማይታይ ከሆነ ይህ በምን ታወቀ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለት ማስረጃዎችን እናቀርባለን።

አንደኛው ማስረጃ በሃይድሮጅን ፈንታ ዲዩቴሪየም ያለበትን ከባድ ውሃ በመጠቀም የተገኘ ነው። ዲዩቴሪየም ጠባዩ እንደ ሃይድሮጅን ሆኖ ክብደቱ እጥፍ ስለ ሆነ፥ ትስስሩ ሲበጠስና ሲሻገር ይዘገያል። ለውጡ በከባድ ውሃና በከባድ አሲድ ሲደረግ በግልጥ እንደሚዘገይ ታይቷል። ፕሮቶን መሻገሩ አዝጋሚው ደረጃ ባይሆን ኖሮ ከቶ እንዲህ ባልዘገየ ነበር።

ሁለተኛውን ማስረጃ በ1950ዎቹ ዓመታት ታፍትና ባልደረቦቹ አቀረቡ። ሁለት-ሜቲል-ሁለት-ቡቲን የተባለውን አልኪን በአሲድና በውሃ ውስጥ አድርገው፥ ለውጡ ወደ መካከል ሲደርስ አቋርጠው ያልተለወጠውን አልኪን መረመሩ። ካርቦካታዮኑ ውሃ ሳይቀበል ፕሮቶኑን መልሶ የሚጥል ቢሆን ኖሮ፥ ከሌላ ካርቦን ላይ ሊጥለው ይችል ስለ ነበረ፥ ሁለት-ሜቲል-አንድ-ቡቲን የተባለው ወንድሙ በቅሪቱ ውስጥ መገኘት ነበረበት። ነገር ግን አልተገኘም። እንግዲህ ካርቦካታዮኑ አንድ ጊዜ ከተወለደ ወዲያው ውሃ ይቀበላል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም ማለት ነው። ስለዚህ አስቸጋሪው አቀበት የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቍልቍለት ነው።

ካርቦካታዮንን ራሱን በመሣሪያ ለማየት የተቻለው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጆርጅ ኦላ ከሰልፊዩሪክ አሲድ እጅግ በሚበረታ አሲድ ውስጥ፥ ውሃ በሌለበት፥ ካርቦካታዮንን አቈይቶ በማግኔታዊ መሣሪያ መረመረው። ስለዚህም ሥራው በ1994 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሕጉ የሚያሳስትበት ቦታ

አሁን በመግቢያው ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ሦስት-ሜቲል-አንድ-ቡቲን አራት ካርቦን በሰልፍ ሆነው፥ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ድርብ ትስስር፥ በሦስተኛው ላይ አንድ ሜቲል ያለው ውሑድ ነው። እኛ እንዲህ ብለን አሰብን፤ ፕሮቶኑ በመጀመሪያው ካርቦን ያርፋል፥ ውሃው በሁለተኛው፤ ስለዚህ የሚገኘው ሦስት-ሜቲል-ሁለት-ቡታኖል ነው። ሕጉን በትክክል ተከትለናል። በተግባር ግን በዋናነት የሚገኘው ሁለት-ሜቲል-ሁለት-ቡታኖል ነው፤ ውሃው ያረፈው ሜቲሉ ባለበት ካርቦን ላይ ነው።

ስሕተታችን ካርቦካታዮኑን ቆሞ የሚጠብቅ አድርገን ማሰባችን ነበር። ፕሮቶኑ በመጀመሪያው ካርቦን ላይ ካረፈ በኋላ በሁለተኛው ላይ የሚወለደው ካርቦካታዮን ሁለት ጐረቤት ብቻ ያለው ነው። አጠገቡ ያለው ሦስተኛው ካርቦን ግን ሁለት ሜቲልና አንድ ሃይድሮጅን ይዟል። ያ ሃይድሮጅን ከነሁለቱ ኤሌክትሮኖቹ አንድ እርምጃ ዘሎ ወደ ሁለተኛው ካርቦን ቢሄድ፥ ጉድለቱ ወደ ሦስተኛው ይዛወራል፤ በዚያም ሦስት ጐረቤት ያለው፥ የተረጋጋ ካርቦካታዮን ይሆናል። ይህ ዝላይ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ ውሃው ከመድረሱ አስቀድሞ ሊፈጸም ይችላል። ውሃውም ሲመጣ ጉድለቱን የሚያገኘው በአዲሱ ቦታ ነው።

የሚዘለው ሃይድሮጅን ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ካርቦን ላይ ሃይድሮጅን በሌለበትና ሦስት ሜቲል ባለበት በሦስት፣ሦስት-ዳይሜቲል-አንድ-ቡቲን፥ ከሜቲሎቹ አንዱ ራሱ ይዘላል፤ የሚገኘውም ሁለት፣ሦስት-ዳይሜቲል-ሁለት-ቡታኖል ነው። በዚህ ጊዜ የካርቦኖቹ አጽም እንኳ ተለውጧል። በ1922 ሐንስ ሜርቫይን፥ ከዚያም በ1930ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ፍራንክ ዊትሞር፥ እንዲህ ያሉትን እንግዳ ለውጦች በካርቦካታዮን መዛወር አስረድተዋል።

እንግዲህ ማርኮቭኒኮቭ ተሳሳተ ማለት ነውን? አይደለም። ሕጉ ፕሮቶኑ የት እንደሚያርፍ በትክክል ነግሮናል። ያልነገረን ከዚያ በኋላ ካርቦካታዮኑ ምን እንደሚያደርግ ነው። ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ምክር ይህ ነው፤ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ካርቦካታዮኑን ሥሉት፤ ጐረቤቱንም ተመልከቱ፤ በአንድ ዝላይ የሚሻለውን ቦታ ካገኘ ወደዚያ ይሄዳል።

አንድ ሰው የካርቦኖቹ ሥርዓት እንዳይዛወርበት ከፈለገ ሌላ መንገድ መምረጥ አለበት። በሜርኩሪ አሴቴት የሚደረገው መንገድ ነጻ ካርቦካታዮን ስለማይፈጥር ከዚያው አልኪን እኛ የጻፍነውን ሦስት-ሜቲል-ሁለት-ቡታኖልን ይሰጣል። ኸርበርት ብራውን በ1950ዎቹ ያገኘው፥ በ1979 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎቹ አንዱ የሆነው በቦሮን የሚደረገው መንገድ ደግሞ ውሃውን በጫፍ ያሳርፋል፤ የሚገኘውም ሦስት-ሜቲል-አንድ-ቡታኖል ነው። ይህ የመጨረሻው አልኮል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እርሾ ሲሠራ ከተራው አልኮል ጋራ በጥቂቱ የሚወለድ ስለ ሆነ፥ እንደ አረቄ ባሉ በተነጠሩ መጠጦች ውስጥ ይገኛል። ከአንድ አልኪን በሦስት መንገድ ሦስት የተለያዩ አልኮሎች ተገኙ። ያገኘነው ነገር የሚወሰነው በመነሻው ብቻ ሳይሆን በመንገዱም እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወደ ኋላ ስለ መመለስ

ይህ ለውጥ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ አይደለም። አልኮል ባልተበረዘ ሰልፊዩሪክ አሲድ ቢሞቅ ውሃውን ጥሎ እንደገና አልኪን ይሆናል፤ ተራውን አልኮል ወደ 170 ዲግሪ አሙቀን ኤቲሊን የምናወጣው በዚሁ መንገድ ነው። አሲዱ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ የሚመለሰውም በመጣበት መንገድ ነው፤ በመጀመሪያ ኦክሲጅኑ ፕሮቶን ይቀበላል፥ ከዚያ ውሃው ይለቃል፥ በመጨረሻ ካርቦካታዮኑ ፕሮቶኑን ይጥላል።

እንግዲህ ሚዛኑን ወደምንፈልገው የምናዘነብለው በሁኔታዎች ነው። ውሃ ሲበዛና ሙቀት ሲያንስ ሚዛኑ ወደ አልኮል፥ ውሃ ሲያንስና ሙቀት ሲበዛ ወደ አልኪን ያደላል። ውሃው እጅግ ካነሰ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ካርቦካታዮኑ ውሃ ሲያጣ ያልተለወጠውን ሌላ አልኪን ይይዛል፤ ሁለት ኢሶቡቲሊኖችም ተጋጥመው ባለ ስምንት ካርቦን ይሆናሉ። አልኮል ለሚሻ ሰው ይህ ኪሳራ ነው፤ ነዳጅ ለሚሻ ግን ትርፍ ነበር፤ ኢሶኦክታን የተባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ክፍል ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበርና።

በቤተ ሙከራ ይህን የሚሠራ ጓደኛ አንድ ነገር አይርሳ። ሰልፊዩሪክ አሲድ ከውሃ ጋራ ሲገናኝ ብርቱ ሙቀት ያወጣል፤ ስለዚህ አሲዱን በጥቂት በጥቂቱ በውሃው ላይ እንጂ፥ ውሃውን በአሲዱ ላይ አይጨምር።

ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ

በ1920 በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣውን ፕሮፒሊን በሰልፊዩሪክ አሲድ አማካይነት ወደ ሁለት-ፕሮፓኖል መለወጥ ጀመረ። ይህ ከነዳጅ ዘይት ኬሚካል የማውጣት ኢንዱስትሪ መጀመሪያ ተብሎ ይቈጠራል። ሐኪም ቤት ቈዳ ለማጽዳት ከሚጠቀሙባቸው አልኮሎች አንዱ ይኸው ነው። ልብ እንበል፤ ፋብሪካው አንድ-ፕሮፓኖልን ሊሠራ ቢፈልግ በዚህ መንገድ አይችልም ነበር፤ የማርኮቭኒኮቭ ሕግ አይፈቅድለትምና።

ኤቲሊን ግን ከላይ እንደ ተመለከትነው እልኸኛ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሼል ኩባንያ ያወጣው ዘዴ ኤቲሊንንና የውሃ እንፋሎትን በሲሊካ ላይ በተነከረ ፎስፎሪክ አሲድ ላይ ያሳልፋል፤ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ፥ ግፊቱም ከ60 እስከ 70 አትሞስፌር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ለውጡ ሙቀት የሚያወጣና ሁለቱን ሞለኪውል አንድ የሚያደርግ ስለ ሆነ፥ ሚዛኑ የሚወደው ዝቅተኛ ሙቀትንና ከፍተኛ ግፊትን ነው። ፍጥነቱ ግን ከፍተኛ ሙቀት ይጠይቃል፤ አለዚያ የ14 ሚሊዮን ዓመቱ ነገር ይመጣል። መሐንዲሶቹ በመካከል ያለውን መርጠው ታረቁ። የእርቁ ዋጋ ግን በአንድ ማለፍ የሚለወጠው ኤቲሊን ከመቶ 5 ገደማ ብቻ መሆኑ ነው፤ የቀረው እየተለየ እየተመለሰ ደጋግሞ ያልፋል።

በአገራችን የሚገኘው አልኮል ግን በቤትም በስኳር ፋብሪካም የእርሾ ሥራ ነው፤ በፋብሪካ ከስኳር የሚተርፈው ሞላሰስ ይጠነሰሳል። እርሾ ያለ ብርቱ አሲድና ያለ 300 ዲግሪ ሙቀት፥ በጋን ሙቀት ይሠራል። መንገዱ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ከኤቲሊን አይነሣም። ሁለቱን ማወዳደር የሚጠቅመው፥ አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ለማግኘት የመነሻው ነገር መንገዱን እንዴት እንደሚወስን ስለሚያሳየን ነው።

መደምደሚያ

እስካሁን እንደ ተመለከትነው፥ በመጽሐፍ ላይ አንድ መሥመር የሆነው ለውጥ በውስጡ ሦስት ደረጃዎች፥ አንድ አዝጋሚ አቀበት፥ ወደሚሻለው ቦታ የሚዘል ካርቦካታዮንና ወደ ኋላም የሚመለስ መንገድ አሉበት። እነዚህ ሁሉ የሚነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም አዎንታዊው ሙል ጐረቤት ወደ በዛበት ካርቦን ያደላል የሚለው ነው። የማርኮቭኒኮቭ ሕግ፥ በሦስቱ አልኪኖች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት፥ የሃይድሮጅንና የሜቲል ዝላይ፥ የፋብሪካዎቹም ሙቀትና ግፊት ከዚሁ ይወለዳሉ።

ከዚያ ከመልመጃው ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ጥያቄ ስንሠራ መልሱን ከመጻፋችን በፊት በወረቀቱ ጥግ ካርቦካታዮኑን እንሥላለን። ጊዜ ይወስዳል፤ ከስሕተት ግን ያድናል። አንባቢዎቻችንም፥ ተማሪዎችም ሆኑ መምህራን፥ በጽሑፋችን ውስጥ የጐደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ቢያገኙ፥ ለቃላቱም የተሻለ የአማርኛ ስያሜ ቢያውቁ፥ እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።